ተልባ፣ አኩሪ አተርና ጡታችን፦ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ

የሥነ ምግብ አማካሪ ነኝ። ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው። ከሕንፃው ሥር አንዲት ልጅ ጀበና ቡና ታፈላለች። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ቡናዬን ስጠብቅ ለራሷ የበጠበጠችው ተልባ አጠገቧ ተቀምጧል። ለጨጓራዋ ነው የምትጠጣው። ያን ቀን ግን አልነካችውም።

«ተልባ የሴት ሆርሞን አለው፤ ጡት ላይ ካንሰር ያመጣል አሉ። ቲክቶክ ላይ አየሁ። እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

እሷ ስትጠይቅ እኔ ስመልስ ዱቄቱ ከብርጭቆው ሥር ዘቀጠ። ላዩ እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለገ። መጨረሻ ላይ ደፋችው።

ይህንኑ ጥያቄ በስልክ፣ በቴሌግራም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የሚደጋገሙትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሕክምና ላይ ያላችሁ የራሳችሁን ሐኪም ቃል አስቀድሙ።

ቆይ፣ ተክል እንዴት የሴት ሆርሞን ይኖረዋል?

የለውም። ያለው መልኩ የሚመሳሰል ነገር ነው። ፋይቶኢስትሮጂን ይባላል። ቅርጹ ከሴቷ ኢስትሮጂን ጋር ስለሚቀራረብ ሴላችን ውስጥ ኢስትሮጂን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

የሚኒባስ ታክሲ ጋቢናን አስቡት። ወፍራም ሰውዬ ሲቀመጥበት መኪናው ዘመም ይላል። ቀጭን ልጅ ሲቀመጥበት ግን መኪናው አይሰማውም። ሆኖም ወንበሩ ተይዟል፤ ወፍራሙ ሰውዬ ቢመጣም ቦታ የለም። የተክሉ ኬሚካል ያ ልጅ ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት ሰውነት ውስጥ የራሷ ኢስትሮጂን ብዙ ስለሆነ ልጁ ወንበር ይሻማል። ካረጠች በኋላ ደግሞ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ልጁ ትንሽ ክብደት ይጨምራል። ስለዚህ አንዱ ነገር እንደ ሁኔታው ሊከለክልም ትንሽ ሊተካም ይችላል። ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንበሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ አልፋና ቤታ ይባላሉ። የጡት ሴል እንዲባዛ ይበልጥ የሚገፋፋው አልፋው ነው። የአኩሪ አተሩ ኬሚካሎች ደግሞ ይበልጥ የሚያዘነብሉት ወደ ቤታው ነው። ጉልበታቸውም ከሴቷ ኢስትሮጂን ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል አኩሪ አተር አዘውትሮ የሚበላ ሰው ደም ውስጥ መጠናቸው ከኢስትሮጂኑ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ሳይንቲስቶቹ «ደካማ ነው» ብለው ዝም ያላሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ?

መጀመሪያ ከበግ ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ በጎች መውለድ አቆሙ። ሲጣራ የሚግጡት ክሎቨር ነው፤ እኛ ማገጥ ከምንለው ሣር ወገን የሆነ። ሣሩ በእነዚህ ኬሚካሎች የተሞላ ነበር። በጎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ከዚያ ሌላ የሚበሉት አልነበራቸውም። እኛ የሳምንት ቀለባችንን በሙሉ ተልባ አላደረግነውም።

ቀጥሎ አይጦች መጡ። በሽታ መከላከያቸው የተዳከመ አይጦች ላይ የሰው የጡት ካንሰር ሴል ተተከለ። ከዚያ ጄኒስቲን የሚባለው የአኩሪ አተር ንጥረ ነገር ለብቻው ተሰጣቸው። ዕጢው አደገ። ውጤቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም አይጥ ይህን ንጥረ ነገር ሰውነቷ ውስጥ የምታስተናግደው እንደ ሰው አይደለም። ነጥሮ የወጣ ዱቄትም ከተቀቀለ አኩሪ አተር ጋር አንድ አይደለም። ቲክቶክ ላይ የደረሰው ግን «አኩሪ አተር ካንሰር ያሳድጋል» የሚለው ብቻ ነው።

ከምግባችን የትኛው ነው ይህ ነገር ያለው?

ተልባ አንደኛ ነው። ሊግናን የሚባለው ዓይነት ከሱ የበለጠ ያለበት የተለመደ ምግብ የለም። ሰሊጥ ይከተላል። አይሶፍላቮን የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በብዛት ያለው አኩሪ አተር ውስጥ ነው፤ በጾም የምንበላው የሶያ ሥጋ፣ የሶያ ወተት፣ የጾም ማኪያቶ ላይ የሚደረገው ሁሉ ከዚያ ነው። አንድ ብርጭቆ የሶያ ወተት ወደ 25 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል።

ሽሮ ይቅርብኝ የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ኧረ በጭራሽ! ሽምብራ ውስጥ ያለው አይሶፍላቮን ከአኩሪ አተሩ መቶኛ እጅ ቢሆን ነው፤ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ምስር፣ ባቄላና አተርም እንደዚያው።

የሚገርመው ቢራ ነው። ቢራ የሚያመርሩበት ሆፕስ የሚባል ተክል ከታወቁት ሁሉ ጠንካራ የሆነውን ፋይቶኢስትሮጂን ይዟል። ብርጭቆ ውስጥ የሚደርሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ጌሾ ደግሞ ከሆፕስ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም፤ ሥራቸው ስለሚመሳሰል ነው ሰው የሚያቀላቅላቸው። ቢራም ጠላም ጡት ላይ የሚያመጡት ጣጣ ከአልኮሉ ነው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

አይጡን ተይው፤ ሴቶች ላይ ምን ታየ?

ትልቁን ከሻንጋይ ልንገራችሁ። የጡት ካንሰር ታክመው የተረፉ 5,042 ሴቶች ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። አኩሪ አተር አብዝተው የሚበሉት በሽታው የተመለሰባቸውም የሞቱትም ከሌሎቹ ያነሱ ሆኑ። ታሞክሲፈን የሚባለውን፣ ጡት ላይ ኢስትሮጂንን የሚከለክል የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱትም የማይወስዱትም ላይ እንደዚያው ታየ። በ2017 ደግሞ አሜሪካና ካናዳ ያሉ 6,235 ታካሚዎች ታዩ። ከምግብ ብዙ አይሶፍላቮን ያገኙት በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ21 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። እነዚህ ተከታትለው ያዩት እንጂ ለግማሹ ሰጥተው ለግማሹ ከልክለው የፈተኑት አይደለም። አኩሪ አተር የምታበዛ ሴት ምናልባት ብዙ የምትራመድ፣ ሲጋራ የማታጨስ ናት። ስለዚህ «አኩሪ አተር ያድናል» አልልም። «ይገድላል» የሚለው ግን ውድቅ ሆኗል። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርም የአኩሪ አተር ምግብ ለታካሚዎችም ችግር የለውም ይላል።

ተልባ ላይ የተሠራው ትንሽ ነው፤ ደስ የሚል ግን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ነው፣ ካናዳ። ካረጡ በኋላ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ገሚሶቹ በየቀኑ 25 ግራም ተልባ የተጋገረበት ኬክ በሉ፤ ሌሎቹ ተልባ የሌለበትን። ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተልባ የበሉት ዕጢ ውስጥ የሴሉ መባዛት ቀንሶ ታየ። ሴቶቹ 32 ብቻ ናቸው። በ32 ሰው አገር አይፈረድም። ግን ተልባ ዕጢ ያሳድጋል ለሚል ሰው መልስ ይሆናል።

ታክሜ ጨርሻለሁ፣ ታሞክሲፈን እውጣለሁ። ተልባ ልተው?

በምግብ ልክ ከሆነ የምትተዊበት ምክንያት አላይም። ታሞክሲፈን ራሱ ጋቢናውን ይዞ «አልነሳም» የሚል ተሳፋሪ ነው። አንድ ሁለት ማንኪያ ተልባ አስነስቶ አያስወርደውም። እንስሳ ላይ ሲታይም ተልባው የመድኃኒቱን ሥራ አላበላሸም።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ተልባ ይዝለገለጋል፣ መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ኪኒኑን ከተልባው ሁለት ሰዓት ያህል አራርቂው። ሁለተኛው፦ የምትጠጪውን ለሐኪምሽ ንገሪ። ሐኪም ፊት ተልባ ማንሳት የሚያፍሩ አሉ። ምን ያሳፍራል?

የአይሶፍላቮን እንክብሉስ? «የተፈጥሮ ነው» ብለው ነው የሚሸጡልኝ።

እዚህ ላይ ቆጣ እላለሁ። አንዲት ደንበኛዬ በቴሌግራም ያዘዘችውን ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። ሮዝ ክዳን፣ የአበባ ሥዕል። «ሆርሞን ያስተካክላል፣ ጡት ያፋፋል» ይላል። ገልብጬ ባየው ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ አልተጻፈም። የተመረተበት ቦታም የለም። የጊዜ ማለፊያው ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በጥፍሬ ብፍቀው ከሥሩ ያለው ቀን አልፎ አገኘሁት። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግሯ እየሄደች ትራንስፖርት ቆጥባ የገዛችው ነው።

ምግብና እንክብል ይለያያሉ። አኩሪ አተር እየበላሽ አይሶፍላቮን ከልክ ለማሳለፍ ሆድሽ አስቀድሞ «በቃኝ» ይላል። እንክብሉ ግን የብዙ ሳህኑን በአንድ ጉንጭ ያስውጣል። ከላይ የነገርኳችሁ ሴቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ ስለ ምግብ ናቸው። የጡት ካንሰር ያለባት፣ የነበረባት፣ ወይም እናቷ ወይም እህቷ ላይ የታየባት ሴት እንክብሉን ትተወው። ሌሎቻችሁም ብራችሁን ሰሊጥ ግዙበት።

አብሽ ጡት ያሳድጋል ይባላል። ወተትስ ያመጣል?

ጡት ስለማሳደጉ ማስረጃ የለም። አብሽ ጠጥታችሁ ላባችሁ አብሽ አብሽ ይሸታል፤ እሱ የተረጋገጠ ነው። ወተት ላይ የተሠሩት ጥናቶች አይስማሙም፤ አንዳንዱ ጨመረ ይላል፣ አንዳንዱ ለውጥ አላየሁም ይላል። አራስ ቤት አጥሚቱም አብሽ ውኃውም የሚሠሩት ዋናው ሥራ እናትየዋ እንድትጠጣና እንድታርፍ ማድረጋቸው ይመስለኛል። ወተትን በዋናነት የሚያመጣው ሕፃኑ ደጋግሞ መጥባቱ ነው። የስኳር መድኃኒት ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ግን አብሽ አታብዙ፤ ስኳርም ያወርዳል፣ ደም ማቅጠኛውንም ሊያጠናክር ይችላል።

የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ጡቴን በጣም ያመኛል። ካንሰር ይሆን?

ከወር አበባ ጋር የሚመጣና የሚሄድ፣ ሁለቱንም ጡት የሚያም ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን ውጣ ውረድ ነው። ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፤ እሱ ነው ክፋቱ። የተፈጨ ተልባ በየቀኑ ሲወሰድ ይህን ሕመም ያቃለለባቸው ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ሁለት ሦስት ወር ብትሞክሪው አይጎዳሽም። በልክሽ የተሠራ ጡት መያዣም ይረዳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተተክሎ የሚያም፣ ወሩ ሲያልቅም የማይለቅ ከሆነ ግን መታየት አለብሽ።

ባሌ «ሶያ አብዝተሽ አብልተሽኝ ጡት ልታስወጪኝ ነው» ይላል።

በምግብ ልክ የወንድ ሆርሞን አይቀንስም፤ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ታይቷል። የባልሽ ጡት ከመጣ ከሆዱ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ጥሬ ሥጋውንና ቢራውን ጠይቂው።

ለልጄ ገንፎ አኩሪ አተር ያለበት ዱቄት እሰጣለሁ። ችግር አለው?

ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥ ጥሩ ፕሮቲን ነው። እንደውም የእስያ ሴቶች ላይ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከልጅነትና ከጉርምስና ጀምረው በበሉት ላይ ነው።

እንቅርት አለብኝ፣ የታይሮይድ ኪኒን እውጣለሁ።

አኩሪ አተር ኪኒኑ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ዋጪ፣ የሶያ ወተቱን ከአራት ሰዓት በኋላ አድርጊው። አዮዲን ያለው ጨውም አትርሺ።

ተልባውን እንዴት ልጠቀም?

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ይባላል። እኔ ደግሞ ሙቀጫ ካልነካው ዋጋ የለውም እላለሁ። ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። የእናቶቻችን መንገድ ትክክል ነው፤ መልቀም፣ ገረፍ ገረፍ አድርጎ መቁላት፣ መውቀጥ። ጥሬው ውስጥ ጥቂት የሳያናይድ ምንጭ የሆነ ነገር ስላለ መቆላቱም ደግ ነው።

የሚያናድደኝ ማጥለሉ ነው። አንዳንድ ጭማቂ ቤት ተልባውን አጥልለው የሚዝለገለገውን ውኃ ብቻ ያቀርባሉ። ውኃው ለሆድ ድርቀትና ለጨጓራ ይመች ይሆናል። ሊግናኑ ግን ገለባው ላይ ነው፤ አብሮ ይደፋል። ዘይቱም ሊግናን የለውም ማለት ይቻላል። እኔ የተልባ ፍትፍትን እመርጣለሁ። በቀን ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል፤ ውኃ በደንብ ጠጡበት። ከመርካቶ እህል በረንዳ ፍሬውን ገዝታችሁ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ውቀጡ፣ የተፈጨው ቶሎ ይበላሻል። እንዲሁ ላውጋችሁ፦ ሊግናኑን ወደሚሠራ ነገር የሚቀይሩት አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በትንሽ በትልቁ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝቶ የሚውጥ ሰው እነሱንም ይጨርሳል።

እሺ፣ ምግቡ ካልሆነ ጡትን የሚጎዳው ምንድን ነው?

ዕድሜ፣ የቤተሰብ ታሪክ። እነዚህን አንመርጥም። ከምንመርጠው ውስጥ አልኮል አለ፤ በቀን አንድ ብርጭቆ እንኳ አደጋውን ከ7 እስከ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ውፍረትም አለ፤ ስቡ ራሱ ኢስትሮጂን ይሠራል። ተልባ ውስጥ ያለውን ፈርተን ወገባችን ላይ ያለውን እንረሳለን። አለመንቀሳቀስም አለበት። ማጥባት ደግሞ ይጠብቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ሴት ባጠባች በየ12 ወሩ አደጋው በ4.3 በመቶ ይቀንሳል።

እብጠት ዳሰስኩ። ተልባ እየጠጣሁ ትንሽ ልየው?

አይሆንም። ዛሬ ነገ አትበይ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በአገራችን የሴቶች ቀዳሚው ካንሰር የጡት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 16 ሺህ አዲስ ሕሙማን እንደነበሩ ተገምቷል። አብዛኞቹ ሕክምና የሚጀምሩት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ጥቁር አንበሳ በር የተቀመጡትን ሴቶች ብትጠይቁ ብዙዎቹ «መጀመሪያ እኮ ትንሽ ነበረች፣ አታምም ነበር» ይሏችኋል። በመሃል የባህል መድኃኒት አለ፣ ጸበል አለ፣ ተልባና ጥቁር አዝሙድ አለ። ጸበሉን ማንም አይከለክልሽም፤ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሂድ።

አዲስ እብጠት፣ በጡት ወይም በብብት፤ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲጨማደድ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ሲገባ፤ ደም ያለው ፈሳሽ፤ አንዱ ጡት ቅርጹን ሲቀይር። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሐኪሙ ይዳስሳል። ወጣት ከሆንሽ አልትራሳውንድ፣ ከ40 በላይ ከሆንሽ ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅም ሊታዘዝ ይችላል። ካስፈለገ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ሪፈርም ይጻፍልሻል። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። ያንን የሚያውቀው ግን ምርመራው ነው።

ቡና የምታፈላዋን ልጅ አልጨረስኩላችሁም። ስለ ተልባው ከነገርኳት በኋላ ሲኒዬን ልትወስድ ጎንበስ አለች። ቀና አላለችም። ዙሪያዋን አየችና «ካልሆነ ታዲያ፣ ይኼ እዚህ ጋ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ፣ በነጠላዋ ሥር ግራ ጡቷን በእጇ ይዛ። ሦስት ወር ሆኗታል። ለማንም አልተናገረችም።

በማግስቱ ጀበናውን ለእህቷ ትታ ጤና ጣቢያ ሄደች። አልትራሳውንድ ተነሣች፣ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን ስንጠብቅ ያፈላችው ቡና ሁሉ ጨው የበዛበት ይመስለኝ ነበር። ፋይብሮአዴኖማ ነው አሏት፤ ወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት። በስድስት ወር ተመልሳ ትታያለች። 26 ዓመቷ ነው።

ተልባዋን መጠጣት ጀምራለች፣ ሳታጠልል። ስኳር ግን ታበዛበታለች።